ዩቲዩብ፣ ቲክቶክ እና ስትሪሚንግ የኬንያን የቴሌቪዥን ገበያ እንዴት ቀየሩት?

እአአ ሰኔ 25/2025 የኬንያ የኮሚዩኒኬሽን ባለሥልጣን ለአገሪቱ የቴሌቪዥንና የራዲዮ ጣቢያዎች በሙሉ አንድ ትዕዛዝ አስተላለፈ። ትዕዛዙ በዕለቱ በናይሮቢና በሌሎች ከተሞች ይካሄድ የነበረውን የተቃውሞ ሰልፍ በቀጥታ ማሠራጨት እንዲያቆሙ የሚጠይቅ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ኤንቲቪ፣ ኬቲኤን እና ሲቲዝን ቲቪ ከአየር ላይ ተቋረጡ።

ሰልፉ ግን ከሰው ዓይን አልተሰወረም። ሰልፈኞቹ ራሳቸው በያዙት ስልክ በቲክቶክ፣ በኤክስ፣ በኢንስታግራምና በፌስቡክ የሚያሠራጩት ምስል ቀጠለ። በዚያው ዕለት የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የባለሥልጣኑን ትዕዛዝ አገደ፤ ጣቢያዎቹም ወደ አየር ተመለሱ።

ይህ ክስተት በአብዛኛው የተነሳው ከፕሬስ ነፃነት ጋር በተያያዘ ነው። ነገር ግን ስለ ንግድም የሚናገረው ነገር አለ። በኬንያ ለረጅም ዘመን የቴሌቪዥን ጣቢያ ማለት ሦስት ቁልፎችን በእጁ የያዘ ተቋም ማለት ነበር፦ ምስሉ የሚያልፍበትን የአየር ሞገድ፣ ተመልካቹ የሚወዳቸውን ሰዎች እና የማስታወቂያውን ገንዘብ። ከአሥር ዓመት በማይበልጥ ጊዜ ውስጥ ሦስቱም ቁልፎች በከፊልም ሆነ በሙሉ ከጣቢያዎቹ እጅ ወጥተዋል።

ለመሆኑ ቁልፎቹ እንዴት ወጡ? አሁን በማን እጅ ይገኛሉ? ለውጡስ ማንን ጠቀመ፣ ማንን ጎዳ?

ከአንድ ጣቢያ ወደ ብዙ ጣቢያ

ቴሌቪዥን ኬንያ የገባው አገሪቱ ነፃነቷን ከማግኘቷ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ እአአ በ1962 ነው። ከነፃነት በኋላ ማሠራጫው በመንግሥት ተወርሶ 'የኬንያ ድምፅ' የሚል ስያሜ ተሰጠው። እአአ በ1989 ደግሞ የኬንያ ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽን፣ በአጭሩ ኬቢሲ፣ የሚለውን ስም ያዘ። በእነዚያ ዓመታት ተመልካቹ ምርጫ አልነበረውም። ጣቢያው አንድ ነበር፤ የጣቢያው ባለቤትም መንግሥት ነበር።

የመጀመሪያው የግል ጣቢያ ኬቲኤን ሥራ የጀመረው እአአ በ1990 ነው። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ የኔሽን ሚዲያ ግሩፕ ጣቢያ የሆነው ኤንቲቪ ተከተለ። በባለሀብቱ ኤስ ኬ ማቻሪያ የተመሠረተው ሮያል ሚዲያ ሰርቪስስ ደግሞ ሲቲዝን ቲቪን በአገር ውስጥ ድራማና አስቂኝ ተከታታይ ፊልሞች አጠናክሮ በብዛት ከሚታዩት የአገሪቱ ጣቢያዎች አንዱ አደረገው። ይኸው ኩባንያ እአአ በ2015 በኪኩዩ ቋንቋ የሚያሠራጨውን ኢኖሮ ቲቪን ከፍቷል።

የጣቢያዎቹ የገቢ መንገድ ግልጽ ነበር። ምሽት አንድ ሰዓት ላይ በስዋሂሊ፣ ሦስት ሰዓት ላይ በእንግሊዝኛ የሚቀርቡት ዜናዎች ቤተሰቡን በአንድ ክፍል ይሰበስቡ ነበር። የስልክ ኩባንያው፣ ባንኩ፣ የሳሙናና የዘይት አምራቹ የዚያን ሰዓት ተመልካች ለማግኘት ከጣቢያው ሰከንዶችን ይገዙ ነበር። በዚህ ገንዘብ የጋዜጠኛው፣ የካሜራ ባለሙያው፣ የተዋናዩና የጸሐፊው ደመወዝ ይከፈላል። ለተመልካቹ በነፃ የሚደርሰው ሥርጭት በተዘዋዋሪ በዚህ ገንዘብ የሚሸፈን ነበር።

የመጀመሪያው ቁልፍ፦ የአየር ሞገዱ

ለውጡ መጀመሪያ የታየው ከስቱዲዮው ሳይሆን ከማሠራጫው ማማ ነው። ኬንያ ከአናሎግ ወደ ዲጂታል ሥርጭት ስትሸጋገር የግል ጣቢያዎቹ የራሳቸውን የዲጂታል ማሠራጫ ፈቃድ ማግኘት ይፈልጉ ነበር። ፈቃዱ አስቀድሞ የተሰጠው ግን ለመንግሥታዊው ሲግኔት እና ለቻይናው ፓን አፍሪካን ኔትወርክ ግሩፕ ነበር። ክርክሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። እአአ የካቲት 2015 ተቆጣጣሪው አካል የአናሎግ ማሠራጫዎችን ሲዘጋ ሲቲዝን፣ ኤንቲቪና ኬቲኤን ለሦስት ሳምንት ገደማ ከአየር ላይ ጠፉ።

በእነዚያ ሳምንታት ብዙ ኬንያውያን ሁለት ነገሮችን አደረጉ። ዲኮደር ገዙ፤ ከዲኮደሩም ጋር በደርዘን የሚቆጠሩ ሌሎች ጣቢያዎች ወደ ቤታቸው ገቡ። ዜናውን ደግሞ በስልካቸው መፈለግ ለመዱ።

ሁለተኛው ፈተና የመጣው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። እአአ ጥር 30/2018 የተቃዋሚው መሪ ራይላ ኦዲንጋ በናይሮቢው ኡሁሩ ፓርክ 'የሕዝብ ፕሬዝዳንት' ተብለው ምሳሌያዊ ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ መንግሥት እነዚያኑ ሦስት ጣቢያዎች ዘጋ። ፍርድ ቤት እንዲከፈቱ ቢያዝም ለቀናት እንደተዘጉ ቆዩ። በዚህ ጊዜ ግን ተመልካቹ የት መሄድ እንዳለበት ያውቅ ነበር፤ ሥርጭቱን በበይነ መረብ ተከታተለ። መዝጋት ለፈለገው መንግሥትም ሆነ ለተዘጋው ጣቢያ ይህ አዲስ ትምህርት ነበር። የአየር ሞገዱ ከእንግዲህ ብቸኛው በር አልነበረም።

ይህ እንዲሆን መሠረቱ የተጣለው አስቀድሞ ነው። እአአ በ2009 በባሕር ሥር የተዘረጉ የኢንተርኔት ገመዶች ሞምባሳ ደረሱ። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ሳፋሪኮም ያስጀመረው ኤም-ፔሳ ደግሞ የባንክ ካርድ የሌለው ሰው አሥርና ሃያ ሽልንግ በስልኩ እንዲከፍል አስችሎ ነበር። ርካሽ ስማርት ስልኮች ሲጨመሩ የቪዲዮ ገበያው ሦስቱም ምሰሶዎች ቆሙ፦ መስመሩ፣ መክፈያው እና ስክሪኑ።

የሮይተርስ የጋዜጠኝነት ጥናት ተቋም እአአ በ2023 ባወጣው ዓመታዊ የዲጂታል ዜና ሪፖርት፣ ጥናቱ ከተካሄደባቸው አገራት መካከል በቲክቶክ ተጠቃሚነት ኬንያ ቀዳሚ ነበረች። መጠይቁን በበይነ መረብ ከመለሱት ኬንያውያን 54 በመቶ የሚሆኑት ቲክቶክን ለተለያየ ጉዳይ እንደሚጠቀሙ ተናግረዋል።

ሁለተኛው ቁልፍ፦ ተመልካቹ የሚወዳቸው ሰዎች

የናይሮቢ ተመልካች በዋና ዋና ጣቢያዎች ላይ የማያገኘውን ነገር መፈለግ የጀመረው ዩቲዩብ ከመምጣቱ በፊት ነው። በመሃል ከተማው ሪቨር ሮድ የሚገኙ አነስተኛ ሱቆች በኪኩዩ፣ በካምባና በሌሎች ቋንቋዎች በርካሽ የተሠሩ አስቂኝ ፊልሞችን በዲስክ ያባዙና ይሸጡ ነበር። ከሆሊውድ ጋር በማነጻጸር 'ሪቨርውድ' የሚል ስም የወጣለት ይህ ገበያ፣ ሰው በቋንቋው የሚያስቀውን ሰው ለማየት ከኪሱ ገንዘብ እንደሚያወጣ አሳይቷል።

በኋላ የበይነ መረብ ታዋቂ የሆኑት ብዙዎቹ ግን ከቴሌቪዥኑ ቤት የወጡ ናቸው። አቤል ሙቱዋ በሲቲዝን ቲቪ ይታይ በነበረውና ስለ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በሚተርከው 'ታሂዲ ሃይ' ድራማ ላይ ተዋናይም ጸሐፊም ነበር። ዛሬ ብዙዎች የሚያውቁት በዩቲዩብ ላይ ካሜራ ፊት ተቀምጦ በሚተርካቸው ረጃጅም ታሪኮች ነው። ከቀድሞ የሥራ ባልደረባው ፊል ካራንጃ ጋር ባቋቋሙት 'ፊሊት' በተባለ ድርጅት አማካይነት ደግሞ ፊልም ይሠራሉ።

ንጁጉሽ በሚል የመድረክ ስሙ የሚታወቀው ቲሞቲ ኪማኒ የመጀመሪያውን ዕውቅና ያገኘው 'ሃፓ ኩሌ ኒውስ' በተባለው የዜና ቧልት ዝግጅት ላይ ነው። ኋላ ላይ ከባለቤቱ ጋር የሚሠራቸው አጫጭር የበይነ መረብ ቪዲዮዎች ተመልካች አበዙለት፤ ተመልካቹም ትኬት እየገዛ ወደ መድረክ ትርኢቱ ይመጣል። የቃለ መጠይቅ ጋዜጠኛዋ ሊን ንጉጊ እአአ በ2021 ትሠራበት የነበረውን የበይነ መረብ ዜና ተቋም ለቅቃ በስሟ የሚጠራውን የዩቲዩብ ዝግጅት ከፍታለች።

ሌሎቹ ደግሞ በጣቢያ በር ጨርሶ ያላለፉ ናቸው። ክሬዚ ኬናር የጆሞ ኬንያታ የግብርናና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ ከጓደኞቹ ጋር ይሠራቸው በነበሩ አጫጭር ቀልዶች ታወቀ። ኤልሳ ማጂምቦ እአአ በ2020 በኮሮናቫይረስ ምክንያት ሰው ቤቱ በተዘጋበት ወቅት፣ ናይሮቢ ሆና ጥቁር መነጽር አድርጋና የድንች ጥብስ እየቆረጠመች በስልኳ የቀረጸቻቸው ቪዲዮዎች ዓለም አቀፍ ዝና አስገኝተውላታል።

እነዚህን ሰዎች የሚያመሳስላቸው አንዱ ነገር ቋንቋ ነው። የጣቢያዎቹ ዜና የሚቀርበው በተስተካከለ እንግሊዝኛ ወይም በመጽሐፍ ስዋሂሊ ነው። የናይሮቢ ወጣት የሚነጋገረው ግን ስዋሂሊውን፣ እንግሊዝኛውንና የአካባቢ ቋንቋዎችን በሚያደባልቀው 'ሼንግ' ነው። ይዘት ፈጣሪው ተመልካቹን በማታቱ ውስጥ በሚሰማው ቋንቋ አናገረው።

ሁለተኛው ነገር የጊዜ ነፃነት ነው። ቴሌቪዥን ቀልዱን በግማሽ ሰዓት ልክ ይቆርጣል፤ ማስታወቂያም ያስገባበታል። በበይነ መረብ ላይ ቀልዱ የአንድ ደቂቃ፣ ታሪኩም የአንድ ሰዓት ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው ቁልፍ፦ ገንዘቡ

የዩቲዩብ አሠራር ከጣቢያ አሠራር በመሠረቱ ይለያል። አንድ ይዘት ፈጣሪ ከማስታወቂያ ገቢ ለመካፈል ቢያንስ 1,000 ተከታዮች ሊኖሩት ይገባል። በተጨማሪም ባለፉት 12 ወራት ቪዲዮዎቹ 4,000 ሰዓታት ያህል መታየት፣ ወይም አጫጭር ቪዲዮዎቹ በ90 ቀናት ውስጥ 10 ሚሊዮን ጊዜ መታየት አለባቸው። ይህን ካሟላ በረጅም ቪዲዮዎቹ ላይ ከሚወጣው ማስታወቂያ ገቢ 55 በመቶው የእሱ ይሆናል፤ ቀሪው 45 በመቶ የኩባንያው ነው። ለአጫጭር ቪዲዮዎች የፈጣሪው ድርሻ 45 በመቶ ነው።

ይሁን እንጂ ሁሉም ተመልካች እኩል ዋጋ የለውም። ማስታወቂያ አስነጋሪው የሚከፍለው ተመልካቹ እንደሚኖርበት አገር የመግዛት አቅም ነው። አሜሪካ ወይም ጀርመን ሆኖ የሚያይ አንድ ሰው ኪሱሙ ሆኖ ከሚያይ ሰው የበለጠ ገቢ ያስገኛል። ስለዚህ አንድ የናይሮቢ ቪዲዮ መቶ ሺህ ጊዜ ቢታይም የሚያስገኘው ገንዘብ ተመሳሳይ ዕይታ ላለው የኒው ዮርክ ቪዲዮ ከሚከፈለው ያነሰ ይሆናል። በውጭ የሚኖረው ኬንያዊ ተመልካች ለይዘት ፈጣሪዎች የሚፈለገው በዚህም ምክንያት ነው።

ከዚህ የተነሳ ብዙዎቹ ኑሯቸውን የሚመሠርቱት ከዩቲዩብ በሚላክ ዶላር ላይ ብቻ አይደለም። ከባንክ፣ ከስልክ ኩባንያ ወይም ከመጠጥ አምራች ጋር በቀጥታ ይዋዋላሉ፤ ምርቱንም በቪዲዮው ውስጥ ያነሳሉ። የመድረክ ትኬት፣ ስማቸው የታተመበት ልብስና ከተመልካች በኤም-ፔሳ የሚላክ ስጦታም ይታከልበታል።

ለጣቢያዎቹ ጉዳቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የማስታወቂያ በጀቱን ለሦስት ወይም ለአራት ጣቢያዎች ያከፋፍል የነበረው ኩባንያ አሁን ከፊሉን ለጎግልና ለሜታ፣ ከፊሉን በቀጥታ ለይዘት ፈጣሪዎች ይሰጣል። ለዚህም ምክንያት አለው። የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ስንት ሰው እንዳየው የሚታወቀው በናሙና ጥናት ነው። የበይነ መረቡ ግን ማን፣ የት፣ ለስንት ሰከንድ እንዳየው በቁጥር ያሳያል።

ጣቢያዎቹ ራሳቸውም በዩቲዩብ ላይ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ተከታዮች አሏቸው። የምሽቱ ዜና እዚያም በቀጥታ ይተላለፋል። ችግሩ ያው ተመልካች በአየር ሞገድ ሲያይ የማስታወቂያው ገንዘብ ሙሉ በሙሉ ለጣቢያው ይገባ የነበረ መሆኑ ነው። በዩቲዩብ ሲያይ ግን ዋጋውን የሚተምነው ሌላ ነው፤ ጣቢያውም ከወጣት ቀልደኛው ጋር በተመሳሳይ ሕግ ድርሻውን ይቀበላል። የቀልደኛው ወጪ ስልክና መብራት ሊሆን ይችላል። የጣቢያው ወጪ ግን በመቶዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞችና በየክፍለ አገሩ ያሉ ዘጋቢዎች ናቸው።

ስትሪሚንግ የሰጠው ተስፋና ገደቡ

ኔትፍሊክስ እአአ ጥር 2016 አገልግሎቱን ኬንያን ጨምሮ ወደ አብዛኛው ዓለም አስፋፋ። በዚያው ዓመት የመልቲቾይሱ ሾውማክስ ኬንያ ገባ። እአአ በ2017 ደግሞ ከሮያል ሚዲያ ሰርቪስስ ጋር የተሳሰረው 'ቪዩሳሳ' የአገር ውስጥ ፊልምና ድራማን በቀን በ10 ሽልንግ ለስልክ ተጠቃሚዎች አቀረበ። ቪዩሳሳ የመረጠው ዋጋ የኬንያን ተመልካች ኪስ በደንብ የሚያውቅ ነበር። ወርሃዊ ክፍያ የማይችል ሰው ለአንድ ቀን መክፈል ይችላል።

ስትሪሚንግ ለናይሮቢ የፊልም ባለሙያዎች ቀድሞ ያልነበረ ዕድል አምጥቷል። ሾውማክስ እአአ በ2021 'ክራይም ኤንድ ጀስቲስ' የተሰኘውን የፖሊስ ድራማ ከካናል ፕላስ ጋር በመተባበር አሠራ። ኔትፍሊክስ እአአ ሐምሌ 2022 የመጀመሪያው ኬንያዊ ተከታታይ ድራማው ብሎ ያስተዋወቀውን 'ካንትሪ ኩዊን'ን ለዓለም አቀረበ። የኬንያ ተዋናዮች በስዋሂሊና በአካባቢ ቋንቋዎች የተናገሩት በሌሎች አህጉራት በትርጉም ጽሑፍ ታየ።

ይሁንና ገንዘቡ የሚወሰነው ከናይሮቢ ውጪ ነው። ኔትፍሊክስ እአአ በ2023 ባወጣው ሪፖርት ከ2016 ጀምሮ በደቡብ አፍሪካ፣ በናይጄሪያና በኬንያ 175 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ማውጣቱን አስታውቋል። ከዚህ ውስጥ አብዛኛው የዋለው በደቡብ አፍሪካ ነው። ኩባንያው እአአ መስከረም 2021 ለኬንያ የስልክ ተጠቃሚዎች የጀመረውን ነፃ አገልግሎት ከሁለት ዓመት በኋላ አቋርጧል። አማዞን ፕራይም ቪዲዮ ደግሞ እአአ ጥር 2024 በአፍሪካ አዳዲስ ሥራዎችን ማዘዝ ማቆሙን ገልጿል።

በደንበኝነት ክፍያ የሚታየው የሳተላይት ቴሌቪዥንም አልተረፈም። የዲኤስቲቪና የጎቲቪ ባለቤት የሆነው መልቲቾይስ እአአ እስከ መጋቢት 2025 ባሉት ሁለት ዓመታት ውስጥ 2.8 ሚሊዮን ገደማ ደንበኞችን በመላው አፍሪካ አጥቷል። በዚያው ዓመት መስከረም ኩባንያው በፈረንሳዩ ካናል ፕላስ ቁጥጥር ሥር ገብቷል። የአውሮፓ እግር ኳስ እስካሁን ብዙ ደንበኞችን አስሮ የያዘ ገመድ ነው፤ በናይሮቢ መጠጥ ቤቶች ቅዳሜና እሑድ ዲኮደር የሚከፈተው በዋናነት ለእሱ ነው።

ጣቢያዎቹ የከፈሉት ዋጋ

የማስታወቂያ ገቢው ሲቀንስ የመጀመሪያው መቀስ ያረፈው በሠራተኛው ላይ ነው። የኮሮናቫይረስ ወረርሽኝ በተከሰተበት እአአ 2020 በርካታ የኬንያ መገናኛ ብዙኃን ደመወዝ ቀንሰዋል፤ ሠራተኛም አሰናብተዋል። የኬቲኤን ባለቤት የሆነው ስታንዳርድ ግሩፕ እአአ በ2024 ከ300 በላይ ሠራተኞችን እንደሚቀንስ አስታውቋል። ኔሽን ሚዲያ ግሩፕም በ2023 እና በ2024 ኪሳራ አስመዝግቧል።

በበይነ መረቡ ፉክክር ላይ ሌሎች ጫናዎች ተደርበዋል። መንግሥት ከትልልቆቹ የማስታወቂያ ደንበኞች አንዱ ነው። እአአ መጋቢት 2024 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የብሮድካስት ማስታወቂያቸውን ለኬቢሲ ብቻ እንዲሰጡ መመሪያ ወጣ፤ የመገናኛ ብዙኃን ማኅበራትም ተቃወሙት። እአአ ሚያዝያ 2025 መጨረሻ ደግሞ ተቆጣጣሪው አካል የቁማር ማስታወቂያዎችን ለ30 ቀናት አገደ። እገዳው ሕዝቡን ከሱስ ለመጠበቅ ያለመ ነበር። የውርርድ ኩባንያዎች ገንዘብ ለጣቢያዎች ምን ያህል አስፈላጊ ሆኖ እንደነበርም አጋልጧል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን በቁጥር የማይታየው ጉዳት ነው። አስቂኝ ቪዲዮ በአንድ ስልክ ይሠራል። በአንድ የካውንቲ ሆስፒታል የጠፋን መድኃኒት ዱካ ለመከተል፣ በፍርድ ቤት ለወራት ተቀምጦ ችሎት ለመከታተል ወይም የመንግሥትን ጨረታ ሰነዶች ለመመርመር ግን ጊዜ፣ ጠበቃና ደመወዝ ያስፈልጋል። እነዚህን ሥራዎች ይደጉም የነበረው ከድራማውና ከመዝናኛው የሚገኘው ማስታወቂያ ነበር። መዝናኛው ገንዘቡን ይዞ ሲወጣ ምርመራው ብቻውን ቀረ።

ግብር፣ ፈቃድ እና እስር

የኬንያ መንግሥት አዲሱን ገበያ ያየው በሁለት ዓይን ነው፤ እንደ ገቢ ምንጭና እንደ ሥጋት።

እአአ በ2023 የወጣው የፋይናንስ ሕግ ከዲጂታል ይዘት በሚገኝ ገቢ ላይ ከምንጩ የሚቀነስ ግብር ጥሏል። በረቂቁ 15 በመቶ የነበረው ምጣኔ ከተቃውሞ በኋላ ለአገሪቱ ነዋሪዎች ወደ 5 በመቶ ዝቅ ብሎ ጸድቋል። በሌላ በኩል መንግሥት ለይዘት ፈጣሪዎች ተደራድሯል። እአአ መጋቢት 2024 ሜታ ኬንያውያን በፌስቡክና በኢንስታግራም ከሚሠሩት ይዘት ገቢ እንዲያገኙ እንደሚፈቅድ አስታውቋል።

ቁጥጥሩ ግን ቀላል አልሆነም። የፊልም ምደባ ቦርዱ እአአ በ2018 በበይነ መረብ ላይ ቪዲዮ የሚጭኑ ሰዎች ፈቃድ ማውጣት አለባቸው የሚል ማሳሰቢያ አውጥቶ ብርቱ ተቃውሞ ገጥሞታል። እአአ ጥቅምት 2025 የኮምፒውተር ወንጀሎች ሕግ ሲሻሻል የተጨመሩ አንዳንድ ድንጋጌዎችን ከፍተኛው ፍርድ ቤት በቀናት ውስጥ ለጊዜው አግዷል።

አደጋው በሕግ አንቀጽ ብቻ የሚለካ አይደለም። እአአ ሰኔ 2025 መምህርና ጦማሪ የነበረው አልበርት ኦጅዋንግ አንድን ከፍተኛ የፖሊስ ኃላፊ በኤክስ ላይ ተችቷል ተብሎ ከተያዘ በኋላ በናይሮቢ ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ ሕይወቱ አለፈ። ፖሊስ መጀመሪያ ራሱን ከግድግዳ ጋር እንዳጋጨ ተናግሮ ነበር፤ የአስከሬን ምርመራው ግን ጉዳቱ ራሱ ያደረሰው ሊሆን እንደማይችል አመለከተ። የፖሊስ አባላትን ጨምሮ በርካታ ሰዎች በግድያ ተከሰዋል። ጣቢያ ያለው ጋዜጠኛ ሲያዝ አርታኢውና የድርጅቱ ጠበቃ ይጠይቁለታል። ብቻውን የሚጽፍና የሚቀርጽ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ከጎኑ የሚቆም ተቋም የለውም።

አዲሱ አከራይ

ለወጣቱ ይዘት ፈጣሪ የበይነ መረቡ መንገድ ነፃነት ይመስላል፤ በብዙ መልኩም ነው። ያለ ፈቃድ ጠያቂ፣ ያለ ዘመድ፣ ያለ አርታኢ ተመልካቹ ዘንድ ይደርሳል። ነገር ግን የጣቢያው ኃላፊ በነበረበት ቦታ አሁን አልጎሪዝም ተቀምጧል። የትኛው ቪዲዮ ለማን እንደሚታይ፣ የማስታወቂያው ክፍያ ስንት እንደሚሆን፣ የትኛው ገጽ እንደሚዘጋ የሚወስነው ከናይሮቢ እጅግ በራቀ ቢሮ ውስጥ ነው። ሕጉ ሲቀየር የሚደራደር የሠራተኛ ማኅበር የለም። የታመመ ወይም ለአንድ ወር ያረፈ ሰው ሲመለስ ተመልካቹ ሌላ ዘንድ ሄዶ ሊያገኘው ይችላል።

ከዚህ በመነሳት አንዳንዶቹ ተመልካቹን ከአከራዩ ቤት ለማውጣት ይጥራሉ። የመድረክ ትርኢቱ፣ የራስ ድረ ገጽና በቀጥታ የሚሸጥ ፊልም የዚህ ጥረት ክፍሎች ናቸው። ነገሩ ሲጤን የሪቨር ሮድ ነጋዴዎች ያደርጉት የነበረው ነው፦ ሥራውን ሠርቶ ለሚፈልገው ሰው በእጅ መሸጥ።

ኢንተርኔቱም ቢሆን የማይዘጋ በር አይደለም። እአአ ሰኔ 25/2024 የፋይናንስ ረቂቅ ሕጉን የተቃወሙ ወጣቶች የናይሮቢ ፓርላማ ሲገቡ የአገሪቱ ኢንተርኔት መስተጓጎሉ ተመዝግቧል። ኢትዮጵያውያን ይህን በቅርብ ያውቁታል። እአአ ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2023 ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በኢትዮጵያ ታግደው በቆዩባቸው አምስት ወራት ገቢያቸውን በእነዚህ መድረኮች ላይ የመሠረቱ ሰዎች ሥራቸው ተስተጓጉሎባቸው ነበር።

አዲስ አበባና ናይሮቢ በብዙ ነገር ይለያያሉ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የጀመረው እአአ በ1964 ነው፤ የግል ጣቢያዎች የመጡት ግን ከኬንያ ዘግይተው፣ በአብዛኛውም በሳተላይት በኩል ነው። ቃና እአአ በ2016 በአማርኛ የተተረጎሙ የውጭ ድራማዎችን ይዞ ሲመጣ የአገር ውስጥ ባለሙያዎች የተከራከሩት ተመልካቹን ማን ይወስደዋል በሚለው ጥያቄ ላይ ነበር። የናይሮቢ ልምድ የሚያሳየው ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ ነው። ተመልካቹ አገር ውስጥ ቢቀር እንኳ ከእሱ የሚገኘው ገቢ ሊወጣ ይችላል።

ቴሌቪዥን በኬንያ አልሞተም። በምርጫ ምሽት፣ በብሔራዊ ሐዘን ቀንና ወሬው እውነት ይሁን ሐሰት ማረጋገጥ ሲያስፈልግ ሰው አሁንም የሚያውቀውን ጣቢያ ይከፍታል። እአአ በ2025 በሰልፉ ዕለት እንዲዘጉ የታዘዙትም ሰው የሚያምናቸው ስለነበሩ ነው። በስልክ የተቀረጸው ምስል የሆነውን ነገር አሳይቷል። ከሳምንታት በኋላ ተመልሶ የሞቱትን ሰዎች ስም የሚያሰባስበው፣ ጥይቱን ማን እንደተኮሰ የሚጠይቀውና በችሎት የሚቀመጠው ጋዜጠኛ ግን ደመወዝ ይፈልጋል። ናይሮቢ ውስጥ በስቱዲዮም በመኝታ ክፍልም የሚሠሩ ሰዎች እስካሁን መልስ ያላገኙለት ጥያቄ ይህን ደመወዝ ማን ይከፍላል የሚለው ነው።